በር በኩል የተሸከመው ሰው

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ የማምን ሰው አልነበርኩም። ሴቻ፣ እኛ ሰፈር፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ልጆች አጥር ሥር ተኮልኩለው ስለ ጅንና ስለ ሙት መንፈስ ሲያወሩ፣ «ማነው ያየው? ስሙን ጥሩልኝ፣ ሄጄ ልጠይቀው» እያልኩ ጨዋታቸውን የማበላሸው እኔ ነበርኩ፣ ብዙ ጊዜም «አንተ ግባና አጥና» ተብዬ ተባርሬያለሁ። አባቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፣ ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ እሱ ባለበት ብርጭቆ ተሰበረ ብትሉ እንኳ ስብርባሪውን አሳዩኝ ይላል፣ እኔም የወጣሁት ከዚያ ቤት ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ላስፈራራችሁ አይደለም፣ እመኑኝ፣ ደግሞም ነገሩ የሆነው በውድቅት ሌሊት አይደለም፣ ከምሳ በኋላ ነው፣ በቀን ብርሃን፣ ሰው ግጥም ብሎ እየሳቀና እየዘመረ ባለበት።

ዘንድሮ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የክፍል ጓደኞቼ ወደ ሰሜንም ወደ ምሥራቅም ሲመደቡ ለእኔ የተወለድኩባት አርባ ምንጭ ደረሰችኝ፣ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ከፍቶኝ ነበር፣ ምክንያቱም ጉዞ ማለት ለእኔ ሩቅ አገር ማየት ነበር። የጉዞ ጽሑፍ ማንበብ በጣም እወዳለሁ፣ አክሱምን፣ ሐረርን፣ ጎንደርን በሰዎች ዓይን አይቻቸዋለሁ፣ ነገር ግን በየቀኑ ከበረንዳችን ላይ ቆሜ የማየውን፣ ከሰዓት በኋላ ጉም የሚለብሰውን ያንን ተራራ አንድም ቀን ወጥቼበት አላውቅም ነበር። ይህን ያስታወሰኝ ዶርም ውስጥ ከበላዬ ባለው አልጋ የሚተኛው ማርቆስ ነው፣ ከዶርዜ በኩል የመጣ የሸማኔ ልጅ፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ ግን አልጋው የሚነቃነቅ። የሥነ ጽሑፍ ክበባችን ለግድግዳ ጋዜጣ የጉዞ ጽሑፍ አምጡ ሲለን ስለ ዶርዜ ቤት አንድ ነገር ጀምሬ አነበብኩለት።

«ከሩቅ ሲታይ ዝሆን ይመስላል» ብዬ ስጀምር ሳቁ መጣ።

«ሁላችሁም ዝሆን ዝሆን ትላላችሁ» አለኝ፣ «እኛ ቤት ነው የምንለው። ውስጡ ገብተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የጻፍከው? ቅዳሜ ና፣ ቤት ልንቀይር ነው።»

«ዕቃ በመሸከም አግዛችኋለሁ» አልኩት፣ ደስ እንዲለው ብዬ።

«ዕቃ አይደለም ያሬድ፣ ቤቱን ራሱን ነው የምንሸከመው።»

የቀለደ መስሎኝ ነበር። አልቀለደም። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ እንደ ትልቅ ቅርጫት የሚሠራ ነው፣ ሚስማር የለውም፣ በጣም ረጅም ሆኖ ነው ሕይወቱን የሚጀምረው። ከዚያ ምስጥ ከሥር ይበላዋል፣ የተበላውን ይቆርጡታል፣ ቤቱ ዝቅ ይላል፣ እንደገና ይበላዋል፣ እንደገና ይቆርጡታል፣ ሰው ሲያረጅ እንደሚያጥረው ማለት ነው። ምስጡ አልለቅ ሲል ደግሞ ሰፈርተኛው ይጠራና፣ ውስጡ አግዳሚ እንጨቶች ይታሰራሉ፣ ወንዶቹ ይገቡና ቤቱን ከነጣሪያው ብድግ አድርገው አዲስ አፈር ላይ ወስደው ያስቀምጡታል። ማርቆስ ይህን የነገረኝ የአልጋ ልብስ ስለማጠብ እንደሚያወራ ሰው ቀለል አድርጎ ነው።

ቀለል አድርጎ ያልነገረኝ ስለ እናቱ ነው። የእነሱ ቤት መነሳት የነበረበት ድሮ ነበር። እናቱ ግን እምቢ አሉ፣ ምክንያቱም ታላቅ ወንድሙ ደሳለኝ ደቡብ አፍሪካ እሄዳለሁ ብሎ በየብስ ከወጣ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ መንገድ ላይ ሆኖ ጥቂት ጊዜ ደወለ፣ ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። ሞቷል ያለ የለም፣ አለ ያለም የለም። እናቱ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ «ሲመጣ ቤቱን በተዋት ቦታ ያግኛት።»

«የምትነሳው እኮ ከግቢያችን ሳትወጣ ነው» አለኝ ማርቆስ፣ «ከዚህኛው አጥር ሥር ወደዚያኛው። ዓይን ያለው ሰው አያጣትም። እሷ ግን የምታስበው በሌሊት የሚመጣ ይመስል ነው። በዚህ ዝናብ ካላነሳናት ትወድቅባታለች፣ ይኼን ነግረን ነግረን ነው ዘንድሮ እሺ ያለችው።»

ያን ሌሊት ስለዚህ ነገር ብዙ አሰብኩ። ታሪክ ትምህርት ላይ የምናጠናቸው ቤተ መንግሥቶችና ቤተ ክርስቲያኖች ሁሉ ቦታቸው አይንቀሳቀስም፣ ሰው ያልፋል እነሱ ይቆያሉ፣ እዚህ ግን ቤቱ ተነሥቶ ይሄዳል። ታዲያ ከቤቱ የወጣ ሰው በልቡ ይዞት የሚሄደው የቱን ነው፣ ግድግዳውን ነው ወይስ የቆመበትን መሬት? ጥሩ ጥያቄ መስሎኝ ለጽሑፌ መግቢያ ብዬ ያዝኩት። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፣ የእኔ መግቢያ የአንዲት እናት እንቅልፍ ማጣት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ከሲቀላ መነኻሪያ ሚኒባስ ያዝን። የላንቴ ሙዝ እርሻ ከታች ቀረ፣ መኪናው ጥምዝምዙን መንገድ እያቃሰተ ሲወጣ አባያ ሐይቅ ወተት የበዛበት ሻይ መስሎ ከበታቻችን ተዘረጋ፣ መንገድ ዳር ልጆች መኪና ባዩ ቁጥር እየጨፈሩ ይሮጡ ነበር፣ ሙቀቱ እየቀነሰ፣ እንሰቱና ቀርከሃው እየበዛ፣ በመጨረሻ ሹራብ አልያዝኩም ብዬ መጸጸት ጀመርኩ። ማርቆስ የራሱን አውጥቶ ሰጠኝ። «የሴቻ ሰዎች ብርድ ማለት ከፍሪጅ የወጣ ውኃ ይመስላችኋል» አለኝ።

ግቢያቸው ስንደርስ ሰው መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። ሥራውን የሚመራው የማርቆስ አጎት ጋሽ ጴጥሮስ ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ለብዙ ዓመት አዲስ አበባ በሽመና ሠርተው የተመለሱ፣ ስለዚህ አማርኛቸው ከእኔ ይፈጥናል። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«ይኼ ነው እንግዳው? አንተ ልጅ፣ ከደብተር የከበደ ነገር ተሸክመህ ታውቃለህ?»

«አልሞከርኩም ጋሼ።»

«ዛሬ ትሞክራለህ። ቤቱ ከከበደህ አትልቀቀው፣ ዝም ብለህ አልቅስ፣ እኛ እንሸከምልሃለን።» ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ።

እማማ ወርቅነሽ፣ የማርቆስ እናት፣ አልሳቁም። በሩ አጠገብ ቆመው ነበር፣ ቀጭን፣ ቀይ ነጠላ የለበሱ፣ ቤቱ ከማጠሩ የተነሣ ጣሪያው ትከሻቸው ላይ የተቀመጠ ይመስል ነበር። «ሳሮ» አልኳቸው፣ ማርቆስ ያስተማረኝን የሰላምታ ቃል፣ ፊታቸው በራ፣ ሁለት እጄን ይዘው ሳሙኝና «ልጄ፣ ቤታችን አርጅታለች፣ ጎንበስ በልና ግባ» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ዕቃው ሁሉ ወጥቷል። ጨለማ ነው፣ ጭስ የጠጣ ቀርከሃ ይሸታል፣ እና ከግድግዳው ውስጥ አንድ ድምፅ ይሰማ ነበር፣ ቅርጥ ቅርጥ የሚል፣ ደቃቅ ዝናብ ደረቅ ቅጠል ላይ ሲወርድ የሚመስል።

«ምስጡ ነው» አለኝ ማርቆስ፣ «ሲበላ ይሰማል። እኔ ሕፃን ሆኜ የሚያስተኛኝ ይኼ ድምፅ ነበር።»

ቆመን ስናዳምጥ ድምፁ ድንገት ቀጥ አለ። ቀስ በቀስ አልነበረም፣ ልክ አንድ ሰው ሲገባ ወሬ እንደሚቋረጠው ነው ዝም ያለው። ማርቆስ ግድግዳውን ተመለከተ፣ በሩን ተመለከተ፣ «የሰው ኮቴ ሰምቶ ይሆናል» አለ፣ እኔም ይሆናል አልኩ፣ ሌላ ምን እላለሁ።

ምሳ ቆጮና ጎመን በላን፣ ከዚያ ቦታ ቦታችንን ያዝን። እዚህ ጋ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። በእነማርቆስ ቤተሰብ ልማድ፣ ቤት ሲነሣ በበሩ በስተቀኝ ያለው የእንጨቱ ጫፍ የቤቱ ታላቅ ወንድ ቦታ ነው፣ አባት ካለ አባት፣ አባት ከሞተ የበኩር ልጅ ይይዘዋል፣ በሩን ወደ አዲሱ ቦታ የሚመራው እሱ ነውና። የማርቆስ አባት ከሞተ ቆይቷል። ሰው ሁሉ ማርቆስን አየው።

«እኔ እዚያ አልቆምም» አለ ማርቆስ። በጋሞኛ ነው ያለው፣ ግን ራሱን ሲነቀንቅ ገባኝ፣ በኋላም ነግሮኛል። ታላቅ ወንድም በሕይወት እያለ ታናሹ እዚያ ከቆመ፣ ታላቁ የለም ብሎ እንደማወጅ ነው። እናቱ በዚያ ሰዓት መሬት መሬት ያዩ ነበር፣ እሱ እምቢ ሲል ግን ቀና ብለው አዩት፣ ያን አስተያየት ልጽፈው አልችልም።

ጋሽ ጴጥሮስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲያው ክፍት ይሁን» አሉ፣ ለእኔ እንዲገባኝ በአማርኛ ደገሙልኝ፣ «አንተ የሴቻው፣ ከክፍቱ ቀጥሎ ቁም። በር በኩል ትንሽ ይከብድሃል፣ ሌላው ያግዝሃል። ማርቆስ፣ አንተ ከኋላ።» ከዚያ ጸሎት አደረጉ፣ አሜን አልን፣ ገባን።

እማማ ወርቅነሽ ከውጭ ሆነው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ በሩ ወደ መንገዱ ያይ አሉ፣ እንደ ድሮው።

አሁን ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያቋርጠኛል። ውስጥ ሆነን እንጨቱን ትከሻችን ላይ አደረግን፣ ጋሽ ጴጥሮስ ከፊት ለፊት ከውጭ ጮኹ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ መለሰ፣ ቤቱ ተንቋቋና ከመሬት ተነቀለ። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፣ በአንድ ጊዜ ከሥር ዙሪያውን ብርሃን ገባ፣ ከጉልበት በላይ ሁላችንም ጨለማ ውስጥ ነን፣ ከጉልበት በታች ግን እግሮቻችን ይታያሉ፣ ቦቲ ጫማ፣ የፕላስቲክ ጫማ፣ ባዶ እግር፣ ሁሉም እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጥቁር ጭቃ። ጉሙም ያኔ ነው የወረደው፣ በበሩ በኩል ነጭ ሆኖ ገባ።

መጀመሪያ እንጨቱ አጥንቴን ሊሰብረው ደርሶ ነበር፣ በበሩ በኩል ያለው ጫፍ ባዶ ስለሆነ ወደዚያ ያዘነብላል፣ ጥርሴን ነክሼ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄድኩ። ከዚያ ቀለለኝ። እመኑኝ፣ ክብደቱን ስለለመድኩት አይደለም የቀለለኝ፣ ጫፉ ወደ ላይ ተነሣ፣ ሰው ሲገባበት የሚነሣው አነሣስ። ጎኔ ሰው አለ። ሲተነፍስ ይሰማኛል፣ ብዙ መንገድ የሄደ ሰው አተነፋፈስ። ተመስገን፣ አንዱ አዝኖልኝ መጣ አልኩ በልቤ፣ ሌላ ምንም አላሰብኩም።

ወደ ታች ሳይ እግሩን አየሁት። ነጭ የነበረ ሸራ ጫማ ነው ያደረገው። የሁላችንም እግር ጭቃ ሆኖ የእሱ ጫማ ላይ ጭቃ አልነበረም፣ አቧራ ነው፣ ደረቅ፣ ፈዛዛ አቧራ፣ በዚያ ሰሞን ተራራው ላይ አንድ እፍኝ የማታገኙት ዓይነት። ይህንንም አየሁት እንጂ አላሰብኩበትም፣ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው አያስብም።

ዙሪያዬን ሁሉም በጋሞኛ ይጮኻል፣ እሱ ግን ጆሮዬ ሥር ቀስ ብሎ በአማርኛ «ተጠንቀቅ፣ ቦይ አለ» አለኝ። እግሬን ከፍ አድርጌ ተሻገርኩ። እግሬ የወረደበት ግን ሜዳ ነበር፣ ለጥ ያለ ሣር፣ ቦይ የሚባል የለም፣ የሌለ ቦይ ስለተሻገርኩ ተንገዳገድኩ፣ እንጨቱም ከትከሻዬ አመለጠ። ያኔ እጁን እጄ ላይ አድርጎ ከእንጨቱ ጋር ጨመቀልኝ። እስኪረጋ ድረስ ያዘልኝ። ከዚያ «አውርዱ!» ተባለ፣ ጎንበስ አልን፣ ብርሃኑ ከሥራችን ጠፋ፣ ቤቱ መሬት ነካ።

ወንዶቹ እየተገፋፉና እየሳቁ ወጡ፣ አንዱ ከኋላዬ ገፍቶኝ በአፍጢሜ ልደፋ ነበር፣ ውጭ ስወጣ ጉሙ የሰዉን ግማሽ ውጦታል። እኔ ሰው ያደረገልኝን ነገር ሳላመሰግን መቅረት አልችልም፣ እንዲህ ነው ያደግኩት፣ ስለዚህ ያንን ሰው ፍለጋ ጫማ ጫማ እያየሁ ዞርኩ። አጣሁት። አንዱም ነጭ ጫማ የለውም። እና ሄጄ፣ በየዋህነት፣ ደስ ይላቸዋል ብዬ፣ በሰው መሐል ለቆሙት ለጋሽ ጴጥሮስና ለእማማ ወርቅነሽ እንዲህ አልኳቸው፤

«በር በኩል ከጎኔ የተሸከመውን ወንድም ላመሰግነው ፈልጌ ነበር፣ የት ሄደ?»

ጋሽ ጴጥሮስ ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ ቀረ። «በር በኩል ሰው አልነበረም» አሉኝ።

«ነበረ ጋሼ። ነጭ ጫማ ያደረገ። ባይይዝልኝ ኖሮ እጥለው ነበር።»

«ክፍት ይሁን ተባብለን? አንተ ልጅ፣ ድካም ነው፣ ቁጭ በል ውኃ ጠጣ።»

እኔ ግን እንደ ሞኝ ቀጠልኩ፣ እውነቴን መሆኑን ላሳይ ብዬ፣ አባቴ እንዳስተማረኝ ማስረጃ ላቅርብ ብዬ። «በአማርኛ ነው ያናገረኝ። እዚያ ጋ ቦይ አለ፣ ተጠንቀቅ አለኝ። ግን ቦይ የለም።»

አማርኛ የሚሰማው ለማይሰማው በሹክሹክታ አስተላለፈ፣ ዝምታው እየሰፋ ሲሄድ ይታየኝ ነበር። ማርቆስ ከኋላ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ። እኔ ያመለከትኩትን ሣር ሁሉም ያየዋል።

«ቦይ ነበረ» አሉ ጋሽ ጴጥሮስ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ወርዶ። «ጎርፍ የሚወርድበት። ልጁ ከሄደ በኋላ ነው የደፈንነው።»

ከዚያ ሽማግሌነታቸው ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ ቀና ብለው «በጌታ ስም!» አሉ፣ «እንዲህ ያለ ወሬ እዚህ ግቢ አይወራም! ከሰፈሩ ልጆች አንዱ ነው፣ ገብቶ አግዞት ወጥቷል፣ አለቀ!» ጠየቁም፣ እውነት ለመናገር በደንብ ጠየቁ፣ እያንዳንዱን ሰው የት ነበርክ አሉት፣ ሁሉም ቦታውን ተናገረ፣ በር በኩል ነበርኩ ያለ ግን የለም። ምናልባት መንገደኛ ገብቶ ይሆናል ያለ ነበር። ከቤቱ ፊት ፊት ሲሄዱ የነበሩት ጋሽ ጴጥሮስ ራሳቸው ስለሆኑ፣ ማንም ሲገባም ሲወጣም እንዳላዩ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

እማማ ወርቅነሽ ነጠላቸውን አጣፉ። መጥተው ፊት ለፊቴ ቆሙ። አላለቀሱም። ማርቆስ በጋሞኛ አንድ ነገር ሊላቸው ሲል በእጃቸው ዝም አስባሉት፣ ቀኝ እጄን አነሡ፣ መዳፌን ሳይሆን ጀርባውን፣ ልክ እሱ የያዘኝን ቦታ፣ እኔ የትኛው እጄ እንደሆነ አልነገርኳቸውም ነበር።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እጁ ይሞቃል?»

ወዳጆቼ፣ ሰውን ማስደሰት የምወድ ልጅ ነኝ፣ ይህን የሚያውቁኝ ሁሉ ይነግሯችኋል፣ ይሞቃል ማለት አንድ ቃል ነበር። ከጎኔ ማርቆስ ትንፋሹን ይዟል። ግን ዓይናቸው ውስጥ እያየሁ መዋሸት አልቻልኩም።

«ቀዝቃዛ ነው፣ እማማ» አልኩ።

ሰው ሁሉ የሚጮኹ መስሎት ነበር፣ ሁለት ሴቶች ሊደግፏቸው ቀረቡ። እሳቸው ግን ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ የሚያውቁት ነገር እንደተነገራቸው ሰው። «አዎ» አሉ። «ከሩቅ ነው የመጣው። መንገዱ ላይ ብርድ አለ።» እጄን ለቀቁኝና ወደ እንጨት ክምሩ ሄዱ፣ ያቀፉትን ያህል አቅፈው፣ ማንም ሳይገባ፣ ምርቃቱም ጸሎቱም ሳይደረስ፣ ጎንበስ ብለው አዲሱ አፈር ላይ ወደቆመው ቤት ገቡ። ትንሽ ቆይቶ ከጣሪያው ጭስ መውጣት ጀመረ። እንጨት ሲጨምሩ ይሰማን ነበር፣ ሲጨምሩ፣ ሲጨምሩ። በጉሙ ውስጥ ቆመን ያንን እናዳምጣለን፣ ልግባ ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

በመጨረሻው መኪና ወረድን። ማርቆስ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ግማሽ መንገድ ድረስ ውጭ ውጭውን አየ፣ ከዚያ ሳያየኝ «ጫማው ነጭ ነው ያልከው?» አለኝ።

«ነጭ።»

«ክር አለው?»

አሰብኩ። «ክር አላየሁም» አልኩት። ግንባሩን መስተዋቱ ላይ አደረገ፣ ሌላ አልጠየቀኝም፣ ለምን እንደጠየቀኝም እስከ ዛሬ አልነገረኝም፣ እኔም አልደፈርኩም።

የጉዞ ጽሑፉን ለክበባችን አቀረብኩ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ሐይቁ፣ ቀርከሃው እንዴት እንደሚሰፋ ጻፍኩ፣ ጥሩ ነው ተባለ፣ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። የታሪክ መምህራችን ያየ ሰው የመሰከረው ነገር ማስረጃ ነው ይሉናል። እሺ፣ እኔ ያየሁ ሰው ነኝ፣ እመሰክራለሁ፣ ግን ምን ብዬ? አንድ ልጅ ቤቱ ደረሰ ብዬ ነው ወይስ አንድ ልጅ ሞተ ብዬ? ስለ ደሳለኝ እስከ አሁን ምንም አልተሰማም። ከሞተ የት፣ ካለ የት፣ የሚያውቅ የለም። ለአባቴ ነግሬው ነበር፣ ስብርባሪውን አሳየኝ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና «ለሴትየዋ እንዲያ ብለህ መለስክላት?» ብቻ አለኝ።

ማርቆስ እንደሚለኝ እናቱ ድሮ በደወሉ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቁት «ወንድምህ ደወለልህ?» ብለው ነበር፣ ገና ደህና ነህ ሳይሉ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ይህን አንድ ጊዜም አልጠየቁም። ቤቱ ደህና ቆሟል፣ ምስጥ የለም፣ እሳቱ ቀንም አይጠፋም፣ እንጨት ሊያልቅባቸው ነው ይላል። አሁን የሚጠይቁት ሌላ ነው።

«ጓደኛህ መቼ ነው የሚመጣው?» ይሉታል። «በር በኩል ትንሽ ይቁምልኝ፣ ሌላ ሥራ የለበትም።»

ማርቆስ ይህን ሲነግረኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነው፣ ና ብሎ አይለምነኝም፣ አትምጣም አይለኝም። እኔም ከታችኛው አልጋ ሆኜ ቀኝ እጄን ብርድ ልብስ ውስጥ አስገብቼ፣ «ፈተና አለብኝ በላቸው» እላለሁ። ፈተናው ካለቀ ሰንብቷል።